አቤት ያላለ አይጫንም

የበደለኝ ሰው የአገሬ ሰው ነው። ሱዳኖች አይደሉም። ደርግም አይደለም፤ የደርግን በደል ከአገሩ ሰው ሁሉ ጋር ተካፍየዋለሁ፣ ይህኛው ግን የብቻዬ ነው። ያደረሰብኝ በጃንሆይ ጊዜ በወረዳችን ጤና ጣቢያ ድሬሰር የነበረ፣ ኋላ ተሰዶ ገዳሪፍ አካባቢ ባለው የሰሊጥ አገር ሁላችንም ሐኪም እያልን የምንጠራው ሰው ነው። ጊዜው ደርግ ገበሬውን ሚሊሻ እያለ በግድ በሚያዘምትበት ዘመን፣ ሰሊጥ ታጭዶ ነዶው ተደግፎ ሂላ ሆኖ በሚቆምበት ሰሞን፣ ዝናቡ ወጣ ከተባለ በኋላ ነው።

ስሙን አልጽፍም። ለእሱ አዝኜ አይደለም፤ ስም መጥራት እዚያ አገር ስለተውሁ ነው። የባሌንም ስም አልጽፍም። ያን ጊዜ ሐኪሙን አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን እሱ ነው።

እድሜዬ ገፍቷል፣ እሱም ሞቷል። በሞተ ሰው ላይ ምን ይባላል የሚሉኝ አሉ። እሱ በሕይወት ያለ ሰው አጠገብ ቆሞ ሞቷል ብሎ ሲፈርድ ማንም ዝም በል አላለውም።

የምንኖርበት ሰፈር ካምቦ ይባላል። የእርሻው ባለቤት ለሠራተኞቹ የሚያሠራው የሣር ጎጆ ሰፈር ነው። ከቆላውም ከደጋውም የመጣ ሰው ነበረበት፤ ለአጨዳ ብቻ መጥቶ የሚመለስ አለ፣ እንደኛ መመለስ የማይችልም አለ። ገዳሪፍ ያን ያህል ሩቅ አይደለችም። የሚያርቃት መሬቱ ነው። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ሲደርቅ ሎሪ ይበርበታል፣ ዝናብ ከነካው ግን አህያ እንኳ እግሯን መንቀል ያቅታታል። ስለዚህ ሰው ማጭድ ቢቆርጠው፣ እባብ ቢነድፈው፣ ከድንበር ማዶ ጥይት መትቶት ቢመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሎሪው አለ ወይ የሚለው ነበር።

ሎሪው የአንድ የገዳሪፍ ሰው ነው። ራሱ ይነዳዋል። ወፍራም፣ ሲስቅ ሆዱ የሚንቀጠቀጥ ሱዳናዊ ነበር፤ አማርኛ ከሠራተኛ ለምዶ እየሰባበረ ያወራል። እዚያ አገር ሾፌር ኡስታ ይባላልና እኛም ኡስታ እንለው ነበር። ቁስለኛ አልጭንም ብሎ አያውቅም። ሬሳ ግን አይጭንም። «መይት ማ በሺል» ይላል በራሱ ቋንቋ፤ ሬሳ አልሸከምም ማለቱ ነው።

ምክንያት ነበረው። ገዳሪፍ መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ቁስለኛ የጫነ ሾፌር እለፍ ይባላል። ቁስለኛው መንገድ ላይ የሞተበት ሾፌር ግን ሟቹ የማን እንደሆነ፣ ምን እንደገደለው እስኪጣራ ከነሎሪው ይያዛል። ዘመድ ነኝ ብሎ የሚቆም ሰው ካለ ቶሎ ይለቁታል። ያ ሰው ግን አይገኝም፤ ወረቀት የሌለው ሐበሻ በገዛ እግሩ ፖሊስ ፊት ሄዶ የኔ ነው አይልም። ስለዚህ ኡስታ ቁስለኛ በመጣ ቁጥር ወደ ሐኪሙ ዞሮ «ይደርሳል? አይደርስም?» ይለዋል። ሐኪሙ ይፈርዳል።

የሚፈርድበት መንገድ ነበረው። የልብ ምት ይይዛል፣ የዓይን ቆብ ይገልጣል፤ ይህን ሌላውም ድሬሰር ያደርገዋል። የራሱ የሆነው ስም መጥራቱ ነው። ከቁስለኛው ጆሮ አጠገብ ይንበረከክና እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ጮክ አድርጎ ይጠራል። ቁስለኛው አቤት ካለ ይጫናል። አፉ እምቢ ቢለው እንኳ ዓይኑን ወደ ድምፁ ከመለሰ ይጫናል። ያ ከሌለ ሐኪሙ «አይደርስም» ይልና ይነሣል፣ የጉልበቱን አፈር ያራግፋል። አፈሩን ሲያራግፍ ያየ ዘመድ ልቅሶ ይጀምራል።

«ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ሁሉን ይረሳል» ይለን ነበር። «ሚስቱን ይረሳል፣ እዚህ መጥቶ ያወጣውን ስም ይረሳል። የመጀመሪያ ስሙን ግን አይረሳም። እሱን ከረሳ አበቃ።»

አምነነዋል። እኔም አምኜዋለሁ። ማን ሊከራከረው ነበር? ተጠራ፣ አልመለሰም፣ ሞተ። ነገሩ ግልጽ ይመስል ነበር።

ባሌ ሁለት ስም ነበረው። ለሚሊሻ ተመልምሎ ከማሠልጠኛ የጠፋ ሰው ነው። ድንበሩን ስንሻገር የድሮውን ስም ከነአባቱ ጥሎ ሌላ ያዘ። ይህ የሱ ብቻ አልነበረም፤ ካምቦው ውስጥ ግማሹ ሰው በሰው ስም ነው የሚኖረው። ከባዱ አዲስ ስም መያዝ አይደለም፣ በአሮጌው አለመዞር ነው። ገበያ ላይ የደርግ ጆሮዎች አሉ ይባላል። ከኋላህ ይመጡና በድሮ ስምህ ይጠሩሃል፤ ከዞርህ ማንነትህን አወቁ ማለት ነው። ወሬ ነው የሚሉ ነበሩ። አንዲት ጎረቤቴ ግን ባሏ ገላባት ገበያ ላይ በድሮ ስሙ ተጠርቶ ዞረ፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም አለችኝ። እሷን ወሬ ነው አልላትም።

ስለዚህ ባሌን አለማመድሁት። ውሃ ተሸክሞ ሲመጣ፣ ነዶ ሲያስር፣ ከኋላው ሆኜ ድንገት በድሮው እጠራዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ትከሻው ንቅንቅ ይል ነበር።

«ይኸው ሞትህ» እለዋለሁ።

«ደግመሽ ግደይኝ» ይላል፣ ይስቃል።

እየቆየ ትከሻውም ተወ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎጆው ጥላ ሥር ተኝቶ ሳለ ጠራሁት። ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም። በአዲሱ ስጠራው ግን ብድግ አለ። ያን ቀን ሁለታችንም ደስ አለን። ይህን የምጽፈው ልናዘዝ ብዬ አይደለም። ጥሩ ሥራ ነበር። በሕይወት ያቆየው እሱ ነው።

ሐኪሙ ሁለቱንም ስም ያውቃል። የድሮውን ያወቀው በሠርጋችን ላይ ስለነበረ ነው። አዲሱን የነገርሁት እኔ ራሴ፣ ካምቦው እንደገባን፣ ጎጆው ድረስ ሄጄ ነው።

«ከዛሬ ወዲያ በዚህ ይጥሩት፣ ሐኪም።»

«ስንቱን ስም ልሸምድድ እኔ? መዝሙረ ዳዊት አደረጋችሁት እኮ!» ብሎ ሳቀ። ቢሆንም ያዘው። ሲገናኙ በአዲሱ ነበር የሚጠራው፤ አንድም ቀን አልተሳሳተም። ይህን አንባቢ ይያዝልኝ።

በደሉ በደረሰብኝ ቀን ጠዋት ሠራተኛ የጫነ የትራክተር ተሳቢ ኾር ሲሻገር ተገለበጠ። ኾር የሚሉት በክረምት ብቻ ውሃ የሚወርድበትን ጅረት ነው። ዳርቻው ከሥር ተሸርሽሮ ኖሮ ጎማው ሲረግጠው ተናደ፤ ሰዎቹ ከነማጭዳቸው ከተሳቢው ሥር ገቡ። ወዲያው የሞቱ አሉ። የቀሩትን ጎትተን አውጥተን ካምቦው ዳር ያለው ግራር ሥር ደርድረን አስተኛናቸው። ባሌ አንዱ ነበር። ጭኑ ተሰብሯል፣ የተሳቢው ጠርዝ ሆዱ ላይ አርፎበት ነበር። ፊቱን ምንም አልነካውም፤ ለአጨዳ ብታስነሡት የሚነሣ ይመስል ነበር።

ኡስታ ሰሊጥ ሊጭን መጥቶ ስለነበር ሎሪው እዚያው ቆሟል። ግማሹ በጆንያ ተሞልቷል። በገዳሪፍ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነፋሱ አቧራ ያነሣል።

«ያላ! ያላ ያ ጀማዓ!» ይጮኻል ኡስታ፤ ቶሎ በሉ ሰዎች ማለቱ ነው። «ዝናብ ከመጣ ሎሪም የለም፣ ኡስታም የለም!»

«ጆንያውን አውርደው እንጂ፣ አንተ ወፍራም!» አለችው ጎረቤቴ፣ ያችው ባሏ ገላባት ላይ የጠፋባት።

«ጆንያው የኔ ነው? የባለቤት ነው! ማውረድ ጊዜ የለም!»

ስለዚህ የሚጫነው ከጆንያው የተረፈው ቦታ የሚችለው ያህል ነው። ሐኪሙ ከዳር ጀመረ።

መጀመሪያ የነበረው አንድ የደምቢያ ጎረምሳ ነው። ደረቱን ይዞ ተኝቷል። ሐኪሙ ተንበርክኮ ስሙን ሲጠራው፣

«አቤት ጌታው!» አለ ጮክ ብሎ። «ማጨዱ ለዛሬ ይቅርብኝ?»

በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ሰው ሳቀ። ሐኪሙም ሳቀ። «ይህን ጫኑ። ሌላው ሁሉ ቢከዳው ምላሱ ብቻውን ገዳሪፍ ያደርሰዋል» አለ። ጫኑት። ቀጥሎ ያለውም አቤት አለ፣ ተጫነ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ዓይኑን መለሰ፣ ተጫነ። አንዱ ዝም አለ፤ ሐኪሙ አፈሩን አራገፈ፣ እህቱ መሬት ላይ ወደቀች። ከዚያ ባሌ ጋ ደረሰ።

ተንበረከከ። የድሮውን ስም ጠራ።

ያን ስም በሰው ፊት ሲጠራ ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር። ደንግጬ ማን እንደሰማ ዙሪያዬን አየሁ። ሐኪሙ ደገመው፣ ከነአባቱ ስም፣ ጮክ አድርጎ። የባሌ ፊት እንደ ግድግዳ ሆነ። ዓይኑ እንደተከደነ ነው። ደረቱ ሲነሣ ሲወድቅ የነበረው ቆመ። ትንፋሹን ያዘ። ትንፋሹን መያዙን እኔ አይቻለሁ፣ ሐኪሙም አይቷል። እኔ ያየሁት የተደበቀ ሰው ነው፤ እሱ ያየው የሚሞት ሰው ነው።

«በዚያ አይጥሩት፣ ሐኪም! በአሁኑ ይጥሩት!»

«እህቴ፣ ዘወር በይልኝ።»

«በዚያ አይመልስም! ያውቃሉ እኮ! ነግሬዎታለሁ!»

«በመጀመሪያው ያልመለሰ በሁለተኛው አይመልስም። አንች ደግሞ አታስተምሪኝ።» ተነሣ። የጉልበቱን አፈር አራገፈ። «አይደርስም» አለ ወደ ኡስታ።

ተንበርክኬ በአዲሱ ስም ጠራሁት። ዓይኑን ገለጠ። ራሱን ወደኔ አዞረ፣ የነጠላዬን ጫፍ ያዘ።

«ዞረ! ይኸው ዞረ! ሐኪም፣ ይመልከቱ!»

«እኔም አይቻለሁ፣ እመ ብርሃንን!» አለች ጎረቤቴ።

ሐኪሙ ጀርባውን እንደሰጠን ነው። ቀጣዩ ሰው ላይ ሊንበረከክ ነው። «የሚስት ዓይን የፈለገውን ያያል» አለ። ዘወር ብሎ አላየም። አንገቱን ቢያዞር ኖሮ በቂ ነበር።

ወደ ኡስታ ሮጥሁ። በሩን ይዤ አልለቅም አልሁ።

«ሕያው ነው፣ ኡስታ! አብሬው ልሂድ!»

«ሐኪም ምን አለ?»

«ሐኪሙ ተሳስቷል።»

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እኔ ሾፌር። ሐኪም ይላል አይደርስም። ኬላ ሲሞት ማን ይቆማል? ወረቀት አለሽ?»

«የለኝም።»

«ኸላስ» አለ። አበቃ ማለቱ ነው። እጄን ከበሩ ላይ አነሣው። በኃይል አልነበረም።

ሎሪው ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ጣለ።

ባሌን ጎጆ አስገባነው። ዋልካው ወደ ጭቃ ተለወጠ፣ ከዚያ ወደ ኩሬ። ከሰዓት በኋላ ውሃ ለመነኝ። ጨርቅ አርሼ ከንፈሩን አስነካሁት። ድምፁ ቀጭን ነበር እንጂ አእምሮው ሙሉ ነው።

«ማን ነበር ያ የጠራኝ?» አለኝ።

«ሐኪሙ ነው።»

«የኛው?»

«የኛው።»

«በድሮው እኮ ነው የጠራኝ።»

«አዎ።»

«ታዲያ እንዴት እመልሳለሁ?» አለ። «ደረሱብኝ ነው ያልሁ። እንዲህ ወድቄ አገኙኝ አልሁ። የሞትሁ ይምሰላቸው ብዬ ትንፋሼን ያዝሁ።» ከዚያ ደግሞ፣ «ጥሩ አልያዝሁም?» አለኝ።

«ጥሩ ይዘሃል» አልሁት።

«ሎሪውስ?»

«ሄዷል።»

«ሲመለስ ነዋ እንግዲህ» አለ።

ጎረቤቴን ሐኪሙ ዘንድ ላክኋት። ሰውየው እያወራ ነው በይው አልኋት። መጣ። ጆንያ አጥፎ ራሱ ላይ ደፍቶ ደጃፉ ላይ ቆመ፣ ውሃው ከጆንያው ይንጠባጠባል። አሁን በአዲሱ ስም ጠራው።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ ሐኪም» አለ ባሌ። «የማልደርሰው እኔ ነኝ።»

ጎረቤቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሐኪሙ አልሳቀም። መርፌ ወጋው፣ የሕመም ማስታገሻ ነው አለ። ወደ ውጭ ጠርቶኝ፣ «ተስፋ አታድርጊ። ኩራዝ ጋዝ ሊያልቅበት ሲል ቦግ ይላል፤ የሱም እንደዚያ ነው» አለኝ። ሄደ። ተሳስቻለሁ አላለም። ልሞክር፣ ሰው ላሰባስብ፣ በአንገረብ እናውጣው አላለም። ሰው ያሰባሰበችው ጎረቤቴ ናት።

ዝናቡ በማግስቱ ሲያባራ የአገራችን ልጆች በአንገረብ ተሸከሙት። አንገረብ በገመድ የተጠለፈ አልጋ ነው፤ ሰው ይተኛበታል፣ በሽተኛ ይወጣበታል፣ ሬሳም ይሄድበታል። ጭቃው ጉልበታቸው ድረስ ይውጣቸዋል። አንዱ እግሩን ሲነቅል አልጋው ያዘነብላል፣ ባሌ ጥርሱን ይነክሳል። ሊያንገጫግጩህ ብለው አይደለም እለዋለሁ። «አውቃለሁ፣ እነሱም ሰው ናቸው» ይለኛል። እየተቀያየሩ አስፋልቱ ድረስ አደረሱት። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ደረቅ ነበር፣ ፈጠን አሉ።

የገዳሪፍ የእህል ጎተራ ከሩቅ ይታያል። ከሜዳው ላይ እንደ ነጭ ግንብ ቆሞ ነው።

«ያ ነው?» አለኝ።

«ያ ነው።»

«ቅርብ ነዋ።»

ከዚያ በኋላ አልተናገረም። እኔ አልጋው ጎን እየሄድሁ እጁን ይዤ ነበር። እጁ ሲቀዘቅዝ አላቆምኋቸውም። ተሸካሚዎቹ ራሳቸው አወቁና ቆሙ። ወረቀት ስለሌላቸው አንገረቡን ኬላው አጠገብ አውርደው፣ ይቅር በይን ብለው ተመለሱ። አልፈረድሁባቸውም። እነሱ ላይ ቂም የለኝም።

ኬላው ላይ የኡስታ ሎሪ ቆሞ ነበር፣ ሰሊጡን እንደጫነ። ኡስታ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። አንድ ፖሊስ አጠገቡ ቆሟል። የደምቢያው ጎረምሳ፣ አቤት ጌታው ያለው፣ መንገድ ላይ ሞቶበት ኖሯል። ከውስጥ ደምቶ ነው አሉ ኋላ። ሌሎቹን ፖሊሶቹ በራሳቸው መኪና ሆስፒታል ወስደዋቸዋል። የጎረምሳው ዘመድ ነኝ የሚል ስለጠፋ ኡስታ እንደተያዘ ነበር። አንገረቡን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ አንገረቡን አየ። ባሌ ከጎረምሳው በኋላ መሞቱን እንደተረዳ ከፊቱ አየሁ።

ፖሊሱ ይህ ማን ነው አለኝ። ባሌ ነው አልሁ። ወረቀት አልጠየቀኝም፤ ልቅሶ ላይ ያለችን ሴት መጠየቅ አፍሮ ይሆናል። ገዳሪፍ ካሉ ሐበሾች ጋር ቀበርነው። ቄሳቸው ለፍትሐቱ የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። ሦስተኛ ስም ነው፣ ነገርኋቸው።

ካምቦው ስመለስ ለልቅሶ ተሰበሰቡ። ሐኪሙም መጣ። አጠገቤ ተቀመጠና፣

«እግዜር ያጽናሽ» አለ። «እኔስ ነግሬሽ ነበር፣ አይደርስም ብዬ። እንዲያው ደከማችሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። «የዚህ ሰው ዓይን አይስትም እኮ» አለ።

«የደምቢያው ልጅስ?» አለች ጎረቤቴ። «አቤት ብሎ ሞተ አይደል?»

«እሱን የገደለው መንገዱ ነው» አለ ሐኪሙ። «መንገጫገጩ።»

ሽማግሌው በዚህም ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አይደርስም ያለው ሰው ሁሉ አልደረሰም፤ ስላልተጫነ ነው። ከግራሩ ሥር ተነሥቶ ማንም በእግሩ ገዳሪፍ አይሄድም። ይደርሳል ያለው ሲሞት ደግሞ የገደለው መንገዱ ነው። በዚህም በዚያም እሱ ትክክል ነው። ባሌን በሱ ምክንያት ሞተ ብዬ ለማንም ማስረዳት አልቻልሁም፤ የባሌ መሞት ራሱ ለሐኪሙ ምስክር ሆነው። ሌላ ካምቦ ድረስ ወሬው ሄደ፦ ሚስቱ አልሰማ ብላ አስወሰደችው፣ እሱ ግን አስቀድሞ አውቆት ነበር እየተባለ። በኔ ሐዘን ስም አተረፈ።

ሆን ብሎ ነው ወይ ይሉኛል። አላውቅም። ደክሞት ነበር፣ ሰው በዝቶበት ነበር፣ የሠርጉ ቀን የሰማው ስም ነው ምላሱ ላይ የመጣለት የሚሉ አሉ። ወይም ያ የመጀመሪያ ስም የሚለውን ነገር ከልቡ ያምነው ነበር ይላሉ። ይሁን። በድሮው ስም በመጥራቱ ቂም አልያዝሁበትም። የያዝሁበት ስነግረው ጀርባውን መስጠቱን ነው።

ልቅሶዬን ጨርሼ ወደ ገዳሪፍ ሄድሁ፣ ተሰልፌ ተመዘገብሁ፣ የስደተኛ ወረቀት ያዝሁ። እስከዚያ ያልተመዘገብነው በባሌ ስም ምክንያት ነበር። አሁን የምደብቀው ስም አልነበረኝም። ከዚያ ኡስታን የሎሪ ማቆሚያው ላይ ፈልጌ አገኘሁት። ተለቅቆ ጎማ ሲቀይር ነበር።

«ያ ኡኽቲ» አለኝና እጁን ከጎማው አነሣ።

«ሐኪሙ የሚሞተውን አስጫነህ» አልሁት። «የሚኖረውን አስቀረህ።»

«ወላሂ አየሁ። በዓይኔ።»

«ለምን ነበር ያሰሩህ?»

«ይላሉ፣ ይህ ልጅ የማን? እኔ እላለሁ፣ አላውቅም። ይላሉ፣ ቁጭ በል።»

«ከእንግዲህ የኔ ነው እላለሁ። ወረቀት አለኝ፣ ይኸው። አንተ የሚተነፍሰውን ሁሉ ጫን። እኔ አብሬ ከኋላ እወጣለሁ። የሞተ እንደሆነ ፖሊሱ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ሎሪህንም አጥብልሃለሁ።»

«ሁሉም ሐበሻ ያንች ወንድም?»

«ሁሉም።»

የጎማውን ብሎን አጥብቆ ጨረሰ። «ጠይብ» አለ። እሺ ማለቱ ነው።

ብዙ ሳይቆይ ከድንበር ማዶ በጥይት የቆሰለ ሰው አመጡ። ሐኪሙ ግራሩ ሥር ተንበረከከ፣ ጠራው፣ ሰውየው አልመለሰም። ሐኪሙ ተነሣ፣ አፈሩን አራገፈ፣ «አይደርስም» አለ። ኡስታ እሱን አላየውም፤ ወደኔ ዞረ።

«ይተነፍሳል?»

«ይተነፍሳል።»

«ያላ!»

«እንግዲህ ሐኪሟ መጣችላችሁ!» አለ ሐኪሙ። ከኋላው የቆሙት ሳቁ። «መንገድ ላይ ነው የሚሞትብሽ፣ እህቴ!»

«መንገድ ላይ ይሙት» አልሁት። ለሱ የተናገርሁት የመጨረሻው ቃል ይህ ነው።

ሰውየው ጎተራው ሳይታይ ሞተ። ኬላው ላይ ፖሊሱ የማን ነው አለ። ወንድሜ ነው አልሁ። ስሙን ጠየቀኝ፣ አንድ ስም ሰጠሁት። ስንመለስ ሎሪውን አጠብሁ።

ደርግ ወድቆ አገሬ እስክገባ ድረስ እንዲሁ አደረግሁ። የደረሱ አሉ፣ ያልደረሱት ይበዛሉ። ኾሩ ውሃ ሲኖረው ሎሪውን በኾሩ፣ ሲደርቅ በጉድጓድ ውሃ አጥብ ነበር። ሐኪሙን ስናልፍ ስንተላለፍ ሰላም አላልሁትም። ሲሞት ቀብሩ ላይ አልቆምሁም።